የዛገ ቦዲ ይዞ ወደ ዓመታዊ ምርመራ፦ ስቱኮ፣ አንቲረስት፣ ብየዳ ወይስ ክፍሉን መለወጥ?

‹‹ልጄ፣ ከእግሬ ሥር መንገዱ ይታየኛል›› አሉኝ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ስንወርድ። ኮምቦልቻ ደርሰን ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ምንጣፉን ገለጥኩት። ከዓመት በፊት ‹‹ወለሉ ተሠርቷል›› ተብዬ፣ ገንዘብ ከፍዬ የተረከብኩት ቦታ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ስቱኮ (የጭርማት መሙያ ልጥፍ) ነበር። በዚያው ሥራ ምርመራ አልፌ ቦሎ ለጥፌ፣ ዓመት ሙሉ ሰው ጭኜበታለሁ። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የዛገ መኪና ይዞ ምርመራው የደረሰበት ሰው ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞር የማይገጣጠም ምክር ይሰማል። አንዱ በስቱኮ ድፈነው ይላል፤ ሌላው አንቲረስት (ከቀለም በፊት የሚቀባ ፀረ-ዝገት) ይበቃዋል፤ ሌላው ቆርጠህ አስበይድ፤ ሌላው በሩን ለውጠው። የሚጠሩት ዋጋም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሁሉም ምክር ለሆነ ዝገት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የእናንተ ዝገት የትኛው እንደሆነ ሳይታይ መመከሩ ነው። ስለዚህ ከአማራጮቹ በፊት መለኪያዎቹን እናስቀምጥ።

የወሎ ዝገት ከየት ይመጣል

ወሎ ላይ መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል፤ በበልግም በክረምትም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ሲወርድ ከሥር የገባው ውሃ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚወጣው ፒስታ (አስፋልት የሌለው መንገድ) ደግሞ ጭቃውን በጎማው ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ከላይ ያማረ መኪና ከሥሩ እርጥብ አፈር ተሸክሞ ለሳምንታት ይቆማል።

በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርዱ፣ በተለይ የአፋር ጨው የሚጭኑ መኪኖች ሌላ ጠላት አለባቸው። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኘው ነው፤ ውሃው ጨው ሲኖርበት ኤሌክትሪክ ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ሥራው ይፋጠናል። የጨው ብናኝ በካሶኒው (በጭነት መያዣው) ወለል ሥርና በስፖንዳው (በጎን ግድግዳው) ስንጥቅ ገብቶ ከቀረ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው መብላት ይጀምራል።

ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ቀለሙ አብጦ የሚነሳው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከላይ አንዲት ትንሽ እብጠት ካያችሁ፣ ከሥሯ ያለው ብዙውን ጊዜ ከምትታየው ይሰፋል።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ የዝገቱ ቦታ ነው፤ ስፋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ) ላይ ያለ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ያስጠላል እንጂ ሰው አይገድልም። የወንበር ቀበቶ የታሰረበት ቦታ ላይ ያለ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ግን በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ከነብሎኑ ነቅሎ ሊያስወጣ ይችላል።

ለዚህ መኪናችሁ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ ራሱን የቻለ ሻንሲ (ከቦዲው ሥር ያለ የብረት አጽም) አላቸው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሻንሲው ነው። ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ እንዲሁም ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው ሚኒባሶች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ተሸካሚ ነው። በእነዚህ ላይ ወለሉ፣ በመኪናው በሮች ሥር በርዝመቱ የሚሄደው ውስጡ ባዶ ሣጥን፣ አሞርዛተሩና (ንዝረት አብራጁ) ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ወይም ሞላው የሚታሰርበት ቦታ ሁሉ እንደ ሻንሲ መታየት አለበት። ሚኒባስ ላይ ‹‹ወለል ነው፣ ምን አለው›› የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ለመለኪያ የሚሆን ቁጥር ከፈለጋችሁ የእንግሊዞች ዓመታዊ ምርመራ ጥሩ ይሰጣል። እዚያ ከቀበቶ ማሰሪያ፣ ከመሪና ከጎማ ተሸካሚ ክፍሎች ማሰሪያ በ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ የተሸካሚ ብረት ጥንካሬ በዝገት በእጅጉ ከተዳከመ መኪናው ይወድቃል፤ ጥገናውም በብየዳ እንጂ በፋይበር ወይም በስቱኮ ሲሆን ተቀባይነት የለውም። እኛ ጋ መርማሪው በሴንቲ ይለካል ማለቴ አይደለም፤ ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለመፍረድ ግን ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። መኪናውን በክሪክ አንሡና ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉ፤ ክሪክ ብቻውን ቆሞ ከሥር አይገባም። የዛገውን ቦታ በብረት ብሩሽ ጥረጉና በካቻቢቴ (በጠመዝማዛ መፍቻ) እጀታ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በካቻቢቴው ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት። ካልገባ የላይ ዝገት ነው፤ ከሰረጎደ ወይም ከገባ ብረቱ አልቋል።

ሦስተኛው ስንት ክረምት ይቆያል የሚለው ነው። አራተኛው ወጪው ነው፤ ወጪ ስል ግን ጋራዥ ቆሞ ያለ ገቢ የሚያልፈውን ቀን ጨምሬ ነው፤ ሚኒባስና አይሱዙ ላይ ይህ ከብየዳው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አምስተኛው ምርመራው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና ጎማ ይታያል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። በብዙ ፒክአፖች የሻንሲው ቁጥር የተመታው ከፊት ጎማ አጠገብ፣ ጭቃ በሚመታው ጎን ላይ ስለሆነ ዝገት ቁጥሩን ይበላዋል። በግራይንደር አትንኩት፣ ስቱኮም ካትራሜም (ጥቁር ሬንጅ) አታልብሱት። በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት፣ በስሱ ግራሶ ቀቡት። ቁጥሩ ያለበትን ብረት መቁረጥ የግድ ከሆነ ከመቁረጥ በፊት ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ማማከር ነው፤ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ከንጽጽሩ ውጭ ላድርግ። የዛገ የፍሬን ቱቦ አይጠገንም፣ አይቀባም፣ ይለወጣል። በዚያ የደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ረግጣችሁ ቱቦው ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። ከሥር ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

ስቱኮና ቀለም

ስቱኮ በደህና ብረት ላይ ያለን ጭርማት ለመሙላት የተሠራ ነው፤ እሱም በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት። ለዚያ ሥራው ጥሩ ነው። ቀዳዳ ላይ ሲደፈን ግን ከኋላው የሚይዘው ብረት የለም፤ እርጥበት ይስባል፤ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። የእኔ ወለል ከቀዳዳው ሥር ጨርቅና የወንፊት ሽቦ ተደርጎበት፣ ከላይ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ከሥር በካትራሜ ተሸፍኖ ነበር። ከሥር ለሚያይ ሰው ጥቁር፣ ለስላሳና አዲስ ይመስላል።

የሚስበው ዋጋውና ፍጥነቱ ነው፤ በአንድ ቀን ይወጣል። ምርመራውንም ሊያልፍ ይችላል፤ እኔ አልፌበታለሁ። ስለዚህ ‹‹አያልፍም›› ብዬ አላስፈራራችሁም። የምለው፣ ተሸካሚ ቦታ ላይ ከተደረገ የሚታለለው መርማሪው ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙም ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ከፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ከበሩ ታችና ከጎማው ቅስት ላይ አሳልፉት። ብረቱ ላይ የሚጣበቀው ማግኔት አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀ እዚያ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ ክፍሉ ከመጀመሪያውም ፕላስቲክ ካልሆነ በቀር።

ዝገት ለዋጭና አንቲረስት

ካቻቢቴው ካልገባ ምርጫው ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ በእጃችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል። ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት ሲሆን ቀሪውን ስስ ዝገት ወደ ጠቆር ያለ፣ ረጋ ያለ ሽፋን ይለውጠዋል። የሚሠራው ስስ ዝገት ላይ ብቻ ነው፤ በቅርፊት የሚነሳ ዝገት ላይ ካፈሰሳችሁት የላዩን ይለውጥና የታችኛውን ይተወዋል።

ሥራው ሁሉ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። በብረት ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ፤ ከዝገቱ ጠርዝ አልፎ ወደ ደህናው ቀለም በሁለት ጣት ያህል መግባት አለበት። ቅባቱን በቤንዚን ወይም በቲነር ጠርጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ለዋጩን፣ ከዚያ አንቲረስቱን። አንቲረስት ብቻውን ውሃ አይከለክልም፤ ቀዳዳዎች ያሉት ሽፋን ስለሆነ በላዩ ቀለም ካልተደረገበት በአንድ ክረምት ከሥሩ ይዝጋል። ቀይ አንቲረስት ተቀብተው ወራት የሚንከራተቱ መኪኖችን ሳይ ባለቤቶቻቸው ግማሽ ሥራ ሠርተው ሙሉ ገንዘብ እንደከፈሉ ይሰማኛል።

ፋይበርና ሪቬት

ፋይበር (ከብርጭቆ ክር የተሠራ ጨርቅ) በማጣበቂያ ተነክሮ ቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ ከስቱኮ ይጠነክራል፤ ሆኖም ከብረቱ ጋር አንድ አይሆንም፣ ጠርዙ ሲለቅ ውሃ ያስገባል። ክብደት በማይሸከም ፓራፋንጎ ላይ ለጊዜው ይሆናል። በሪቬት (ጫፉ በሚደፈጠጥ የብረት ማያያዣ) የተመታ ላሜራም እንዲሁ ነው፦ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረው ስስ ክፍተት ውሃ ያቁራል። ለካሶኒ ወለል፣ እሱም ጭነት ሳይበላሽ እንዲደርስ፣ ተቀባይነት አለው። ከዚያ ውጭ አልመክረውም።

ቆርጦ መበየድ

ካቻቢቴው ከገባና ቦታው ተሸካሚ ከሆነ ሌላ ምርጫ የለም። ልዩነቱ ያለው በብየዳና በብየዳ መካከል ነው።

በጣም የተለመደው ማታለያ ልጥፉ ነው፤ የበሰበሰውን ሳይቆርጡ አዲስ ላሜራ በላዩ መበየድ። አዲሱ ብረት የታሰረው ከዛገ ብረት ጋር ነው፤ የዛገው ሲፈርስ ልጥፉም ይወርዳል። ትክክለኛው ሥራ ብረቱ የሚያበራበት ጤነኛ ጠርዝ እስኪገኝ መቁረጥ ነው። ሲቆረጥ ቀዳዳው ከገመታችሁት በእጥፍ ቢሰፋ አትደንግጡ፤ ከሥር የነበረው እሱ ነው።

ላሜራው በውፍረት ከተቆረጠው ጋር መመጣጠን አለበት። የመኪና የላይ ቆርቆሮ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ተሸካሚ ክፍሎች ከዚያ ይወፍራሉ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለዚህ አይሆንም፤ ቀጭን ነው፣ በላዩም ዚንክ ስላለበት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። በተራ ኤሌክትሮድ ብየዳ ቀጭን ላሜራ በቀላሉ ይቃጠልና ይበሳል፤ ለቦዲ ሥራ በጋዝ የሚሸፈን፣ በስስ ሽቦ የሚሠራ የሚግ ብየዳ ይሻላል። ቀጭን ላሜራ ሙቀት እንዳያጣምመው ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየለዋወጡ ይበየዳል፤ መጨረሻ ላይ ግን ነጥቦቹ ተገናኝተው ዙሪያው ሳይቋረጥ መዘጋት አለበት። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥብ መትቶ ቀሪውን በስቱኮ የዘጋ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ከመበየዱ በፊት ባትሪው ይፈታ። ምንጣፍና ወንበር ይውጣ። የነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ከሆነ ታንከሩ ራሱ ይውረድ፤ እሳት ማጥፊያም ከበያጁ አጠገብ ይኑር። ‹‹ምንም አይልም፣ በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ›› ከተባላችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ከብየዳው በኋላ ያለው ሥራ ይረሳል። ብየዳው በሌላኛው ጎን ያለውን ቀለም አቃጥሎታል፤ ባዶው ሣጥን ውስጥ ባዶ ብረት ቀርቷል። እዚያ ውስጥ አንቲረስት፣ ከዚያም ሰም ወይም ወፍራም ዘይት ካልተረጨ ከሁለት ክረምት በኋላ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል።

የሃይሉክስና የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሻንሲ በጭነት ይተጣጠፋል። በላይኛውና በታችኛው ጠርዙ ላይ በወርዱ አቋርጦ የተበየደ ልጥፍ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ይህን የከባድ መኪና ሻንሲ ሲሠራ ለኖረ ባለሙያ እንጂ ለሰፈር በር በያጅ አትስጡት።

ክፍሉን መለወጥ

በብሎን የሚፈታ ነገር ሁሉ፣ በር፣ ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ የኋላ በር፣ መለወጥ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ከመቀጥቀጥ ይረክሳል። ለዛገ በር ሦስት ቀን የላሜራ ሥራ ከፍላችሁ የሚወጣው አሁንም አሮጌ በር ነው። ያገለገለ ክፍል ደሴና ኮምቦልቻ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ 400 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው መንገድ የጭነቱን ዋጋ ደምሩበት። ስትገዙ የበሩን የታች ጠርዝ ገልብጣችሁ እዩ፤ የእናንተ በር የዛገው እዚያ ከሆነ ያኛውም የሚዝገው እዚያው ነው። መኪናውን በሙሉ በሌላ ቀለም ለማስቀባት ካሰባችሁ ደግሞ ቀለሙ ሊብሬው ላይ ተጽፏልና አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ለየትኛው ዝገት | ተሸካሚ ቦታ ላይ | ወጪ | መኪናው የሚቆምበት ጊዜ | ቆይታ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስቱኮና ቀለም | ለጭርማት ብቻ | ፈጽሞ አይሆንም | ዝቅተኛ | ከአንድ እስከ ሁለት ቀን | ቀዳዳ ላይ አንድ ክረምት ቢሆን ነው |
| ዝገት ለዋጭ፣ አንቲረስት፣ ቀለም | ያልበሳ የላይ ዝገት | ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ይሆናል | ዝቅተኛ | ከሁለት እስከ ሦስት ቀን | ዝግጅቱ ጥሩ ከሆነ ለዓመታት |
| ፋይበር ወይም ሪቬት | ፓራፋንጎ፣ የካሶኒ ወለል | አይሆንም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | አንድ ቀን | ጊዜያዊ |
| ቆርጦ መበየድ | የበሳ፣ የሰረጎደ | ያለው ምርጫ ይህ ብቻ ነው | ከፍተኛ | ከብዙ ቀን እስከ ሳምንታት | ውስጡ ከተቀባ ረጅም |
| ክፍሉን መለወጥ | በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ | አይመለከተውም | መካከለኛ | ዕቃው ከተገኘ አንድ ቀን | እንደ ዕቃው |

ለማን የትኛው

የቤት መኪና ይዛችሁ በጀት ከጠበበ ገንዘቡን ለመልክ አታውሉት። የዛገ ፓራፋንጎ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ ተሸካሚ ቦታ ላይ ያለው ቀዳዳ አይጠብቅም። አንድ ቦታ አስበይዳችሁ ሌላውን በብሩሽና በአንቲረስት በእጃችሁ ያዙት።

ሚኒባስ ያላችሁ፣ ወንበሮቹ የታሰሩባቸውን ብሎኖች በየስድስት ወሩ ከሥር እዩ። የሚንሸራተተው በር ሥር ያለው መረገጫ የተሳፋሪው ሁሉ ጭቃ የሚራገፍበት ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ሥራውን ለምርመራው ሳምንት አታድርሱት፤ ቀኑ ሲጠብ ሰው ወደ ስቱኮ ይሄዳል፤ እኔም የሄድኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ጨው ወይም ማዳበሪያ የምትጭኑ ባለ አይሱዞች ከብየዳ ይልቅ ውሃ ያተርፍላችኋል። ካራገፋችሁ በኋላ በዚያው ቀን ላቫጆ ገብታችሁ ስፖንዳውን፣ የካሶኒውን ሥርና ሻንሲውን በንጹሕ ውሃ አሳጥቡ። ባጃጅ ላይ የነጂው እግር ሥር ያለው ላሜራ ቀጭን ስለሆነ ሲዝግ ፈጥኖ ይበሳል፤ ጎማ ምንጣፉን በየሳምንቱ አንሥቶ ማድረቅ ብቻውን ብዙ ያቆየዋል።

በሁለቱም ጎን የሞላና የአሞርዛተር ማሰሪያው የበሰበሰ፣ ወይም ሻንሲው ከአንድ በላይ ቦታ የተበላ መኪና ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ከሸጣችሁትም ለገዢው ዝገቱን አሳይታችሁ፣ እንደ ዕቃ ዋጋ ሽጡት።

ጊዜውና ከሥር የሚቀባው

የቦዲ ሥራ የሚሠራው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ክረምቱ አልፎ በልጉ ሳይገባ። ቀለሙን ለማስቀባት ከቻላችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ የደሴ እርጥበት ገና ባልደረቀ ብረት ላይ ቀለም እንዲለጠፍ ያደርጋል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ግን ያደርቅላችኋል።

ከሥር ናፍጣ ማስረጨት ቶሎ ይታጠባል፣ ጎሚኒዎችንም (ከሥር ያሉትን የጎማ ክፍሎች) ይጎዳል። የተቃጠለ ዘይት ይሻለዋል፤ ሆኖም ፍሬን ላይ ከደረሰ አደጋ ነው፣ የሚንጠባጠበውም ቦርከና ውስጥ ይገባል። ካትራሜ በንጹሕና በተቀባ ብረት ላይ ጥሩ መከላከያ ነው፤ በዝገት ላይ ከተቀባ ግን ውሃውን አፍኖ ይዞ ብረቱን ከዓይን ሰውሮ ያስበላዋል። ባዶ ሣጥኖች ውስጥ ሰም የተሻለ ነው። የበሮቹን የታች የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ በሽቦ ክፈቱ፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ወለሌን ሁለተኛ ጊዜ ያሠራሁት ኮምቦልቻ ነው። ሰውየው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ‹‹መጀመሪያ ልቁረጠውና ጠርቼህ አብረን እንየው›› አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም የምሠጠው ውል ይህ ነው፦ ተቆርጦ ሲያልቅ ጥሩኝ፤ ተበይዶ ስቱኮና ቀለም ሳይነካው ጥሩኝ፤ ከሥር ካትራሜ ሊቀባ ሲል ጥሩኝ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አነሣለሁ፣ በየደረጃውም ከክፍያው አንድ ሦስተኛ እሰጣለሁ፤ የመጨረሻውን የምከፍለው ካቻቢቴዬን ይዤ ከሥር ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ነው።